እንደ ዕቁብ የሚያዝ የሰውነት ልምምድ፤ በመካከለኛ ዕድሜ ለሚገኙ እናቶችና እኅቶች የተሰጠ ትምህርት

ጤና በአንድ ቀን አይገኝም፤ በአንድ ቀንም አይጠፋም። ጥቂት በጥቂት ይከማቻል፤ ጥቂት በጥቂትም ያልቃል። በዚህ ወር ትምህርታችን የምንመለከተው ጕዳይ ይህን በግልጥ የሚያሳይ ነው። ይኸውም ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 60 ዓመት የሆነ፥ አብዛኛውን ቀን ተቀምጠው የሚውሉ እናቶችና እኅቶች ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ጀምረው ሳያቋርጡ የሚዘልቁበት መንገድ ነው።

ልምምዱን መጀመር ብዙ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው መዝለቁ ነው። ብዙ ሴቶች በዐውደ ዓመት መንፈስ ተነሣሥተው በመስከረም ይጀምራሉ፤ ጥቅምት ሳይጋመስ ይተዉታል። ከዚያም «እኔ ሰነፍ ነኝ፤ ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብለው በራሳቸው ላይ ይፈርዳሉ። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። እነዚሁ ሴቶች ዕቁባቸውን ለዓመታት ሳያጓድሉ የሚጥሉ፥ የዕድር ግዴታቸውን የሚፈጽሙ፥ የወር ማኅበራቸውን የማያስታጕሉ ናቸው። ስለዚህ ጽናት አላቸው። የጐደለው የልምምዱ አያያዝ ነው እንጂ የሴቶቹ ጠባይ አይደለም። እንግዲህ ዕቁብን የሚያጸናው ነገር ምን እንደ ሆነ መርምረን ያንኑ ለልምምዱ ብንሰጠው፥ ልምምዱም ይጸናል።

1. ልምምዱ ስለ ምን ያስፈልጋል?

ጡንቻ ለመንቀሳቀስ ብቻ የተሰጠን አይደለም። አጥንትን ይደግፋል፥ መገጣጠሚያን ይጠብቃል፥ ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ የሚገኘውን ስኳር በብዛት ተቀብሎ ይሠራበታል። ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ግን ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ኀይሉም ከመጠኑ ይልቅ ፈጥኖ ይቀንሳል። አብዛኞቹ ሴቶች በ45 እና በ55 ዓመት መካከል የወር አበባቸው ሲቋረጥ ደግሞ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ይሳሳል።

የዚህ ውጤት ወዲያው አይታይም። በ50 ዓመት ዕድሜ ከበርጩማ ለመነሣት እጅን በጭን ላይ መደገፍ ይመጣል፤ በ60 ዓመት ደረጃ መውጣት ያታክታል፤ በ70 ዓመት ደግሞ በገዛ ቤት በምንጣፍ ተደናቅፎ መውደቅ የዳሌን አጥንት ሊሰብር ይችላል። በእርጅና ዘመን የዳሌ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ ኑሮው ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ይቀራል። ያ ውድቀት የሚደርሰው በ70 ዓመት ቢሆንም የሚከለከለው ግን አሁን ነው።

በገጠር ውሃ ከምንጭ የምትቀዳ፥ ማገዶም በጀርባዋ የምትሸከም ሴት ይህ ትምህርት አይመለከታትም፤ ለእርሷ የሚያስፈልጋት ሸክሟ የሚቀልበት መንገድ ነው። በከተማ ግን የብዙዎቹ ኑሮ ተለውጧል። ውሃው በቧንቧ ከግቢ ይገባል፤ እህሉ በወፍጮ ቤት ይፈጫል፤ ጕዞው በታክሲ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በወንበር ላይ ይፈጸማል፤ በሱቅ የምትነግደውም እኅት ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ ትውላለች።

«ቤት መጥረግ፥ ልብስ ማጠብና እንጀራ መጋገር አይበቃኝምን?» የሚሉ አሉ። የቤት ሥራ ከመቀመጥ እጅግ ይሻላል። ዳሩ ግን ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው የበለጠ ክብደት ሲገጥመው፥ ያም ክብደት በየጊዜው ሲጨመርለት ነው። መጥረጊያው ዘንድሮም እንዳምናው ያው መጥረጊያ ነው፤ ክንድ ለምዶታልና አዲስ ኀይል አይሰጠውም። በእግር መሄድም ለልብና ለሳንባ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የክንድንና የጀርባን ጡንቻ አያጠነክርም። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ጕልማሶች ሁሉ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ከማድረጋቸው ሌላ፥ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ዐበይት ጡንቻዎችን ሁሉ የሚያጠነክር ልምምድ እንዲያደርጉ መክሯል።

«ለእኔስ ረፍዷል» የምትል እናት ብትኖር ሁለት ጥናቶችን ትስማ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ዶክተር ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፥ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ 90 ዓመት ያህል የሆናቸው 10 ደካማ ሰዎች በክብደት እንዲለማመዱ ተደረገ። ልምምዱን እስከ መጨረሻው የፈጸሙት የ9ኙ የእግር ኀይል በ8 ሳምንት ውስጥ በአማካይ ከመቶ 174 እጅ ጨመረ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ሚርያም ኔልሰንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ከ50 እስከ 70 ዓመት የሆናቸውን፥ የወር አበባቸው የተቋረጠ፥ ልምምድ ያልለመዱ 39 ሴቶችን የተመለከተ ነበር። ከእነርሱም 20ዎቹ ለ1 ዓመት በሳምንት 2 ቀን ብቻ በከባድ ክብደት ተለማመዱ፤ 19ኙ እንደ ወትሯቸው ኖሩ። በዓመቱ መጨረሻ የተለማመዱት ሴቶች የአጥንት ጥንካሬ መለኪያ ከመቶ 1 እጅ ያህል ሲጨምር፥ የሌሎቹ ከመቶ 2 እጅ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በሳምንት 2 ቀን ብቻ እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

2. ዕቁብን የሚያጸኑት አራት ነገሮች

ሀ. ቀኑ የተወሰነ ነው። የዕቁብ ቀን እሑድ ከሆነ እሑድ ነው፤ «ሲመቸኝ» የሚባል የዕቁብ ቀን የለም። ልምምዱንም እንዲሁ በሳምንት 2 ቀን፥ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ ብሎ መወሰን ይገባል። ጡንቻ በዕረፍት ጊዜ ስለሚታደስ በሁለቱ ቀኖች መካከል ቢያንስ 1 ቀን ይተዋል። ሰዓቱም አስቀድሞ በየቀኑ ከሚደረግ ሌላ ነገር ጋር ይያያዝ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ወይም ማታ ቡና ከመፈላቱ በፊት ሊሆን ይችላል። በለንደን ተደርጎ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የታተመ ጥናት 96 ሰዎች አንድን ትንሽ ተግባር በየቀኑ ከታወቀ ጊዜ ጋር አያይዘው እንዲፈጽሙ አድርጎ ነበር። ተግባሩ ያለ ብዙ ሐሳብ የሚፈጸም ልማድ እስኪሆን ድረስ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ወሰደ፤ ፈጣኑ 18 ቀን ሲሆን የዘገየው 254 ቀን እንደሚወስድ ተገምቷል። እንግዲህ በ3ኛው ሳምንት ልምምዱ ገና ከባድ ሆኖ ቢሰማ የሚያስገርም አይደለም፤ ልማዱ ገና አልበሰለም።

ለ. መዋጮው በአቅም ነው። አስተዋይ ወይዘሮ ዕቁብ ስትገባ በደኅናው ወር ሳይሆን በክፉው ወር ልትከፍለው የምትችለውን ታስባለች። ልምምድ የሚጀምሩ ሴቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚወስኑት በደኅናው ቀን ጕልበታቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ይደክማሉ፤ በማግሥቱ ከአልጋ መነሣት ያቅታቸዋል፤ በሳምንቱ ይተዉታል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ልምምዱ ከ10 ደቂቃ አይበልጥ። «ብጨምር እችል ነበር» እያሉ መፈጸም መልካም ምልክት ነው።

ሐ. የሚጠብቅ ሰው አለ። ዕቁብተኛዋ ብትቀር የሚጠይቃት፥ ብትታመም የሚጠይቅላት አለ። ብቻዋን የምትለማመድ ሴት ግን ብትቀር ማንም አያውቅባትም። ስለሆነም 2 ወይም 3 ጎረቤቶች ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ሆነው፥ ቡና እንደሚጠራሩት ሁሉ በየቤቱ በተራ ቢለማመዱ ይመረጣል። አንድ ላይ ለመገናኘት የማይቻል እንደ ሆነ በዚያው ሰዓት በስልክ ተጠራርተው በየቤታቸው መጀመር ይችላሉ።

መ. መዝገብ አለው። የዕቁብ ጸሐፊ የተከፈለውን ሁሉ ይጽፋል፤ የተጻፈም አይረሳም። ለልምምዱም አንድ ደብተር ይበቃል። «ሰኞ፤ መነሣት 10፤ ግድግዳ 8፤ ጀሪካን 3 ሊትር፥ 10 ጊዜ» ብሎ መጻፍ ነው። ከዚህም ሌላ በየወሩ መጀመሪያ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነሥተው እንደሚቆሙ ቈጥረው ይጻፉት። ቍጥሩ ከወር ወደ ወር ሲያድግ ማየት ከማንኛውም ምክር የበለጠ ያበረታል።

3. የልምምዱ አሠራር

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው የጤና መኰንን በባሕር ማዶ ትምህርት ላይ ሳለ እንዲህ ያለው ልምምድ በታላላቅ አዳራሾች በብረት መሣሪያ ሲሰጥ አይቷል። ዳሩ ግን ጡንቻ ብረትንና ውሃን ለይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ክብደትን ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ታጥቦ ውሃ ቢሞላበት የታወቀ ክብደት ይሆናል፤ ግማሽ ሊትር በጨመሩ ቍጥርም ግማሽ ኪሎ ይጨምራሉ። የሚያስፈልጉት 2 ጀሪካኖች፥ 1 ጽኑ ወንበርና 1 ምንጣፍ ብቻ ናቸው። አስቀድሞ ለ3 ደቂቃ በቦታ ላይ በመራመድና ትከሻን በማዞር ሰውነትን ማሞቅ ያስፈልጋል።

1ኛ. ከወንበር መነሣት። ወንበሩን ከግድግዳ ያስጠጉት። እጅን በደረት ላይ አጣምረው ይነሡ፤ ከዚያም 3 እስኪቈጠር ድረስ ቀስ ብለው ይቀመጡ። ይህ ሲቀልልዎ ጀሪካን በደረትዎ ይያዙ።

2ኛ. ግድግዳን መግፋት። ከግድግዳ በክንድ ርቀት ቆመው መዳፍዎን በደረትዎ ትክክል ያሳርፉ፤ ክርንዎን አጥፈው ወደ ግድግዳው ይጠጉ፤ ገፍተውም ይመለሱ። ሲቀልልዎ በግድግዳው ፈንታ በጽኑ ጠረጴዛ ጠርዝ ያድርጉት።

3ኛ. ጀሪካን መሳብ። አንድ እጅዎን በጠረጴዛ አስደግፈው፥ ጀርባዎን ሳያጐብጡ ጐንበስ ይበሉ፤ በሌላው እጅ ጀሪካኑን ወደ ጐድንዎ ይሳቡና ቀስ ብለው ያውርዱ። በሁለቱም እጅ በየተራ ይደረጋል።

4ኛ. ዳሌን ማንሣት። በምንጣፍ ላይ በጀርባዎ ተኝተው፥ ጕልበትዎን አጥፈው፥ እግርዎን በመሬት ተክለው ዳሌዎን ወደ ላይ ያንሡ፤ ጥቂት ቆይተው ያውርዱ።

5ኛ. ተረከዝን ማንሣት። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው በእግር ጣት ይቁሙ፤ ቀስ ብለው ይመለሱ። ይህ የባትን ጡንቻ ከማጠንከሩም በላይ ሚዛን መጠበቅን ያስተምራል።

6ኛ. ተሸክሞ መራመድ። በሁለቱ እጅ እኩል የሆኑ ጀሪካኖች ይዘው፥ ቀና ብለው ከ20 እስከ 30 እርምጃ ይሂዱ።

ከመጨረሻው በቀር እያንዳንዱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይደረጋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ሁሉም 1 ዙር ብቻ፥ በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት 2 ዙር፥ ከዚያ በኋላ እንደ አቅም 2 ወይም 3 ዙር ይሁን። በዙር መካከል ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ያርፉ። ክብደቱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው የመጨረሻዎቹ 2 ጊዜያት ሲከብዱ፥ ነገር ግን አቋም ሳይበላሽ ሲፈጸሙ ነው። በ2 ተከታታይ ቀኖች 12 ጊዜ በደኅና ከፈጸሙ ግማሽ ሊትር ይጨምሩ። መጨመሩን መተው ልምምዱን ወደ መጥረጊያ መለወጥ ነው።

4. ብዙዎች የሚያቋርጡባቸው ምክንያቶችና መልሳቸው

«ሰውነቴን አመመኝ።» አዲስ ልምምድ ከተደረገ በኋላ ከ1 እስከ 3 ቀን ድረስ የጡንቻ መዛል ይሰማል። ይህ ጕዳት አይደለም፤ በየሳምንቱም እየቀነሰ ይሄዳል። በመገጣጠሚያ ላይ የሚሰማ ድንገተኛና የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ያን እንቅስቃሴ ማቆም ይገባል።

«በሚዛን ላይ ምንም አልቀነስኩም።» ልምምዱ የተጀመረው ሰውነትን ለማቅለል አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኀይል የሚጨምረው ነርቮች ጡንቻን ማዘዝን ስለሚማሩ ነው፤ የጡንቻው ማደግ ዘግይቶ ይከተላል። ስለዚህ ሚዛኑን ትተው ደብተሩን ይመልከቱ።

«እንደ ወንድ እፈረጥማለሁ።» በሴት ሰውነት ውስጥ ጡንቻን የሚያገዝፈው ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን ከወንዶች እጅግ ያነሰ ነው። በሳምንት 2 ቀን በጀሪካን የምትለማመድ እናት ቀጥ ብላ ትሄዳለች እንጂ ወንድ አትመስልም።

«ሰው ምን ይለኛል?» ልምምዱ በቤት ውስጥ፥ በሰፊ የቤት ቀሚስ ወይም በሱሪ ሊደረግ ይችላል። ልዩ ልብስም ልዩ ቦታም አያስፈልገውም።

«ጾም ገባ።» ብዙዎች በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን አቋርጠው በዚያው ይቀራሉ። በጾም ወራት ማድረግ የሚገባው ክብደቱን ወይም ዙሩን መቀነስ ነው እንጂ ቀኑን መሰረዝ አይደለም። ሰዓቱም ከመፈሰኪያው ወይም ከማፍጠሪያው በኋላ፥ ምግቡ ጥቂት ከሰከነ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ጡንቻን ለማደስ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ይህም በጾም ምግባችን ውስጥ ይገኛል። ሽሮ፥ ምስር፥ ባቄላ፥ አተርና ሽምብራ ከእንጀራ ጋር ሲበሉ የጥራጥሬውና የእህሉ ፕሮቲን እርስ በርሱ ይሟላል። ስለዚህ በገበታው ላይ ወጡን ማሳነስ አይገባም።

«ለቅሶ ደረሰብኝ፤ ሠርግ ነበረብኝ።» የአገራችን ኑሮ ያለ ለቅሶና ያለ ድግስ አይሆንም። ዕቁብም እኮ ኀዘን ሲደርስ ይታገሣል፤ ግን አይፈርስም። ከላይ ያነሣነው የለንደኑ ጥናት አንድ ቀን ማለፉ የልማዱን መብሰል እንዳላደናቀፈ አሳይቷል። ስለዚህ ሕጉ «አንድ ቀን ቢያልፍ፥ ሁለተኛው አይለፍ» ይሁን። ከ2 ሳምንት በላይ የተቋረጠ እንደ ሆነ ክብደቱን ቀንሶ እንደገና መጀመር እንጂ ያለፈውን ለማካካስ መጨመር አይገባም።

«ጊዜ የለኝም።» ለዚህ መልሱን የሚሰጡት ባልና ልጆች ናቸው። በሳምንት 2 ጊዜ ለግማሽ ሰዓት እናትየዋን «ውሃ አምጪልኝ፥ ቍልፍ የት ነው» ከማለት መከልከል፥ በዚያችም ግማሽ ሰዓት እሳቱን መጠበቅና ሕፃኑን መያዝ ይቻላል። ዛሬ ይህችን ግማሽ ሰዓት የማይሰጥ ቤተሰብ፥ ነገ አልጋ ላይ የዋለች እናትን ለማስታመም ቀኑን ሙሉ ሊሰጥ ይገደዳል።

5. ጥንቃቄ

የደም ግፊት፥ የልብ ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው፥ ቀደም ሲል አጥንታቸው የተሰበረ፥ ወይም ማሕፀን የመውረድ ሕመም ያለባቸው እናቶች አስቀድመው በጤና ጣቢያ ይመርመሩ። ይህ ማለት ልምምዱ ለእነርሱ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም፤ ክብደቱና አሠራሩ ለየሕመማቸው መወሰን አለበት ማለት ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች በተለይ በጾም ጊዜ ከሐኪማቸው ጋር ይማከሩ።

ክብደት ሲነሣ ትንፋሽን ማፈን የደም ግፊትን ድንገት ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሲገፉና ሲያነሡ መተንፈስ ይገባል፤ አንድ፥ ሁለት እያሉ ድምፅ አውጥቶ መቍጠር ትንፋሽ እንዳይታፈን ይረዳል። ደረት የሚጨምቅ ሕመም፥ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

6. የትምህርቱ ማጠቃለያ

ጡንቻና አጥንት በመካከለኛ ዕድሜ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን በሳምንት 2 ቀን በሚጨመር ክብደት ቢለማመዱ ይጠነክራሉ። ልምምዱን የሚያጸኑት የተወሰነ ቀን፥ በአቅም የሆነ መጠን፥ የሚጠብቅ ባልንጀራና የተጻፈ መዝገብ ናቸው። እነዚህ አራቱ ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን አዲስ አይደሉም፤ ዕቁባቸውን ሲያጸኑባቸው ኖረዋል። የዕቁብ ገንዘብ ዕጣው የሚወጣለት በተራ ነው፤ በዚህኛው ዕቁብ ግን ዕጣው ለጣሉት ሁሉ ይወጣል። ዕጣውም በ70 ዓመት ዕድሜ ያለ ደጋፊ ከመቀመጫ መነሣት፥ የልጅ ልጅን አንሥቶ ማቀፍና በገዛ እግር ደጅ መሳም ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው እንደ ጨረሱ ጀሪካን ከማጠብዎ በፊት አንድ ጎረቤትዎን ይጥሩና ቀኑን ይቍረጡ።

ለማስታወስ የሚረዱ ጥያቄዎች

1. የቤት ሥራ ብቻውን ጡንቻን ለማጠንከር የማይበቃው ስለ ምንድን ነው?
2. ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከግማሽ በላይ 1 ሊትር ውሃ ቢጨመርበት ስንት ኪሎ ይመዝናል?
3. ክብደት የሚጨመረው መቼ ነው?
4. የጡንቻ መዛልና የመገጣጠሚያ ሕመም በምን ይለያሉ?
5. አንድ የልምምድ ቀን ቢያልፍ ምን ማድረግ ይገባል?
6. ከእርስዎ ጋር የሚለማመዱት ሁለት ሴቶች እነማን ናቸው? ስማቸውን በደብተርዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉ።